ሥርዓት ያለው አወዳደቅ

በመንዝ ደጋ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ለክብሯ ስል ስሟን በማልጠራት፣ አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት አለ። እኔም እዚያው ተቀጥሬ ስለምበላ ታላቅነቱን እመሰክራለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያኮራን ደጃችን ላይ በደረጃነት የተቀመጠው ድንጋይ ነው። ከሥሩ አፈሩ ተሸርሽሮ ይወዛወዛል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውርጭ ይለብሳል። ባለጉዳዩን ሁሉ ሀብታም ድሃ፣ ዘመድ ባዳ ሳይል እኩል ይጥላል። እንዲህ ያለ አድልዎ የሌለበት አገልግሎት ሌላ ቦታ አላየሁም።

አንድ ሰኞ ወይዘሮ ተሾመች የሚባሉ እናት ጉልበታቸውን ይዘው እያነከሱ ኃላፊያችን አቶ አባይነህ ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ያ ደጃችሁ ላይ ያለው ድንጋይ ጣለኝ። የኔስ ግድ የለም። ሐሙስ ግን መሪጌታ ይመጣሉ።»

«የትኛው መሪጌታ?»

«ባለቤቴ፣ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ። ለመታወቂያው ራሳቸው ካልቀረቡ አይሆንም ያላችሁት እናንተው ናችሁ። ዓይናቸው ደክሟል። በዚህ ዕድሜ ከወደቁ ዳሌያቸው ነው የሚሰበረው፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያነሳቸዋል? እባክህ ያን ድንጋይ እስከ ሐሙስ አስነሳልኝ።»

አቶ አባይነህ ችግርን ከሥሩ የሚመረምሩ ሰው ናቸው፤ የድንጋዩን ሥር ብቻ ነው ያላዩት።

«እማማ፣ እንዴት ሆነው ነው የወደቁት?»

«ወድቄ ነዋ!»

«ይኸው! ችግራችን እዚህ ላይ ነው» አሉ በሐዘን።

አቶ አባይነህ በቅርቡ ትልቅ ከተማ ሄደው፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ሠልጥነው መመለሳቸው ነበር። እዚያ እንደሰሙት እንግሊዞች ለእያንዳንዱ አወዳደቅ የራሱ ቃል አላቸው። እኛም ተንሸራተተ፣ ተደናቀፈ፣ ተንገዳገደ፣ ተፈጠፈጠ እንላለን፤ ግን በአማርኛ የወደቀ ሰው ሪፖርት ላይ አያምርም። ስለዚህ ድንጋዩ ከመነካቱ በፊት አወዳደቃችን በዘመናዊ መልኩ እንዲለይ አቅጣጫ ተቀመጠ። ማክሰኞ ለባለድርሻ አካላት የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ተከፈተ። አሠልጣኙ አቶ ይሥሐቅ፣ ክራቫታቸው ከአንገታቸው የጠበቀ ባለሙያ፣ ወለሉ ላይ እየወደቁ አሳዩን።

«እግር ሲያመልጥ ስሊፕ ነው። እግር ሲጠለፍ ትሪፕ። ተጠልፎ፣ ሳይወድቅ ወደፊት የሮጠ ስታምብል ይባላል። መሬት የደረሰ ፎል። ምላሱ የተሳሰረበት ደግሞ ፎልተር።»

የጽዳት ሠራተኛዋ እስከዳር እጇን አወጣች። «ለመነሳትስ ምን እንላለን?»

«የመነሳት ቃላት በሁለተኛው ዙር ተይዘዋል» አሉ አቶ ይሥሐቅ፤ ቀጥለውም አንድ ጊዜ ወደቁ።

በመዝጊያው ላይ አቶ አባይነህ ሁለት መመሪያ ሰጡ። አንደኛው፣ ከእንግዲህ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ማለት ክልክል ነው። ያየው ሁሉ «እኔን! እኔን!» እያለ ሲሮጥ፣ የወደቀው ገና ቃሉ ሳይለይለት ተደግፎ ይነሳና መረጃው ይበላሻል። ሁለተኛው፣ ቃላቱ በደረጃ ይደለደላሉ፤ ፎል ለባለጉዳይ፣ ስሊፕ ለሠራተኛ፣ ስታምብል ለቡድን መሪ። ለኃላፊ ቃል አልተመደበም። ኃላፊ አይወድቅማ!

ሥራው በማግስቱ ፍሬ አሳየ። ዘበኛው አቶ ወሰኔ በሩ ላይ ቆመው «ፎል! አሁንም ሌላ ፎል!» እያሉ ሲጮኹ ዋሉ። አንድ ገበሬ በግ ተሸክሞ ሲገባ ከነበጉ ተዘረረ። ገበሬው ወዲያው ፎል ተባለ፤ በጉ ባለጉዳይ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ግን ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው እስኪያልቅ ሁለቱም እዚያው ተኝተው ጠበቁ። በጉ ዲሲፕሊን ስለሌለው ቀድሞ ተነስቶ ሄደ።

ሐሙስ ደረሰ። ይህን ተሞክሮ ለማየት ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ሁላችንም ከደጅ ተሰልፈናል። መኪናቸው ሲቆም አቶ አባይነህ በአዲስ ጫማ፣ እጃቸውን ለሰላምታ ዘርግተው ብቅ አሉ። ድንጋዩ ግዴታውን ተወጣ። ኃላፊያችን እጃቸውን እንደዘረጉ ጭቃው ላይ በደረታቸው ተነጠፉ።

አፋችን ሁሉ ለ«እኔን» ተከፈተና ተዘጋ። አቶ ወሰኔ «ፎ...» ብለው የወደቀውን ሰው ማንነት ሲያዩ ምላሳቸው ተሳሰረ።

«ስሊፕ እንበላቸው» አለ አንዱ።

«ስሊፕ የተራ ሠራተኛ ነው፤ ልታዋርዳቸው ነው?»

«ስታምብልስ?»

«እኔ ቡድን መሪ ነኝ፤ የኔን ቃል ለሳቸው መስጠት ድፍረት አይሆንብኝም?»

አቶ ይሥሐቅ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «አውሮፕላን ከሰማይ ሲያርፍ ላንዲንግ ይባላል። ለኃላፊያችን የሚመጥነው ላንዲንግ ነው።»

ጭብጨባው ደጁን አናወጠው። ከእንግዶቹ አንዱ «ይህ ሊሰፋ የሚገባው ተሞክሮ ነው» አሉ።

«ኧረ አንሱኝ!» የሚል ድምፅ ከጭቃው ተሰማ።

አቶ ይሥሐቅ በትሕትና ጎንበስ አሉ። «ጌታዬ፣ እንግዶች ስላሉ በእንግሊዝኛ ቢሉልን።»

አቶ አባይነህ የተማሩትን አስታወሱ። «ስሊፕ... ትሪፕ... ፎል...» አሉ እየቃተቱ። አሁንም ሞከሩ፤ «ፎል! ፎል!» ባሉ ቁጥር ግን በቃል ደግመው ወደቁ እንጂ አልተነሱም።

በዚህ መሐል መሪጌታ ወልደ ጻድቅ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው፣ በሚስታቸው እጅ እየተመሩ ደረሱ።

«ተሾመች፣ የሚያቃስት ሰው አለ ልበል?»

«አዎን መሪጌታ፣ ኃላፊው ወድቀው ነው።»

«እኔን! እኔን ልጄ!» አሉ ሽማግሌው፣ መቋሚያቸውንም ዘረጉላቸው። አቶ አባይነህ መቋሚያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሱ። እኔ፣ ኋላ ቀርነቴን አልደብቅም፣ ያቺን «እኔን» በልቤ ደገምኳት።

ወይዘሮ ተሾመች ግን ለወሬ ጊዜ አልነበራቸውም። ጎንበስ አሉ፣ ድንጋዩን ወዘወዙት፣ ገፋ አድርገውም ወደ አጥሩ አንከባለሉት። መሪጌታም ቤታቸው እንደሚገቡ ሁሉ ደልደል ባለው መሬት ገብተው፣ መታወቂያቸውን ይዘው፣ ዳሌያቸው እንደ ነበረ ወጡ።

ዓርብ አስቸኳይ ግምገማ ተደረገ። የመነሳት ሥልጠና ሳይሰጥ አንድ ሰው መነሳቱ፣ ያውም በተከለከለ ቃል ታጅቦ፣ ከባድ ክፍተት መሆኑ ታመነበት። ሁለተኛው ዙር እስኪካሄድ ድረስ ማንም ወድቆ እንዳይነሳ አቅጣጫ ተቀመጠ። ድንጋዩም የሥልጠናችን ብቸኛ የተግባር ማሳያ ስለሆነ በጭብጨባ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ድጋሚ እንዳይሰናከል ግራና ቀኙን ዘበኛ ቆመለት።

አቶ አባይነህ ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል በመስኮት ይገባሉ።

በገበያ ቀን ወይዘሮ ተሾመች ገብሳቸውን ሸጠው በጓሮ ሲያልፉ፣ ኃላፊያችን አንድ እግራቸውን አስገብተው፣ የሌላው እግራቸው ሱሪ በምስማር ተይዞ፣ መስኮቱ ላይ ሲንገዳገዱ አገኟቸው።

«እኔን! ቀስ በል ልጄ!»

አቶ አባይነህ ደንግጠው ግራና ቀኝ አዩ። ከሠራተኛው ማንም የለም፤ እኔ ከሽንት ቤቱ ጀርባ መሆኔን አላወቁም። ያን ጊዜ እጃቸውን ወደ አሮጊቷ ዘረጉና በሹክሹክታ፦

«እማማ» አሉ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»