ሰባት ቁጥር ክፍል አልተያዘም

«ይሄ ነገር ያያል?» አሉኝ ጋሼ ቶማ፣ ኮምፒውተሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ከሩቅ እየጠቆሙ።

አያይም አልኳቸው።

«ይሰማል?»

አይሰማም። የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው።

«የቀበሌያችን ሊቀ መንበርም የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው» አሉና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። «ለመሆኑ ኢንተርኔት ላይ ነው ካልክ፣ አዋሳ የተቀመጠ ሰው ከፍቶ ሊያየኝ ይችላል?»

እርስዎን ሳይሆን ስምዎንና የሚያስተምሩበትን ክፍል ነው የሚያየው አልኩ። ባልል ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ጋሼ ቶማ እዚያው አካውንቲንግ ሲያስተምሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ዲናችን አቶ ዳንሳ አንድ ጠዋት ጠሩኝና የኮርሱንና የክፍሉን ድልድል ዌብ ላይ አውጣልኝ አሉኝ። ቢፒአር ነው፣ የአሠራር ለውጥ አሉ። በዚያ ዘመን ቢፒአር ነው ከተባለ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ደግሞ የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ያኔ ሁለት መምህራን ጠመኔ ይዘው አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ክፍሉ የኔ ነው ይላሉ። ግን አይጣሉም። የኛ አገር ሰው ጨዋ ነው፤ ዕድሜ ይተያያል። ታላቅ ይገባል፣ ታናሽ ተማሪዎቹን ነድቶ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ይሄዳል። ከሁሉ ታናሽ ማን እንደነበር ልንገራችሁ? ኮምፒውተር ዛፍ ሥር አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? «እዚህ ጋ ማውስ አለ እንበል» እያላችሁ? ከዳሞታ ተራራ ጉም ሲወርድ፣ እንበል ያላችሁት ማውስ እንኳን ይጠፋል።

ስለዚህ ሲስተሙን ነደፍኩት። አረንጓዴ ማለት ክፍሉ ተይዟል፣ ነጭ ማለት ባዶ ነው። መምህሩ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ማስተማር የማይችሉት መቼ ነው?

ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። የኛ መምህር ግን በአንድ ለአምስት የተደራጀ፣ ግምገማ ተቀምጦ ግምገማ የሚነሳ ሰው ነው። የማትችለው መቼ ነው ሲሉት ወጥመድ ይሸተዋል። ሁሉም «ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ሞላ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ የሚቀመጠውም፣ ዓርብ በጊዜ ወደ ቤሌ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ የሚያሳድደውም ሞላ። ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም እሁድ ጠዋት ነፃ ነኝ አለ! ሲስተም የዋህ ነው፤ አመነ። ጋሼ ቶማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እሁድ ጠዋት ኮስት አካውንቲንግ ሰጣቸው። ተቃወሙ? በፍጹም። ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «ያውቃል ማለት ነው» ብቻ አሉ። እሁድን በእጄ ሰረዝኩት። ቅዳሜን ሳልነካው ቀረሁ። ዝግጁ ነን ያሉት እነሱ አይደሉ?

ስሜ ተለወጠ። ስታፍ ክፍል ስገባ «ደህንነቱ መጣ» ይሉና ወሬው ወደ ዝናብ ይዞራል። እነሱ ሲጠረጥሩኝ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ሰው ምን የሚደብቀው ቢኖረው ነው ስለ ዝናብ ይህን ያህል የሚያወራው?

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። የኔን ስንጥር ሰባት ቁጥር ክፍል አገኘሁት። ከአራት ሰዓቱ እረፍት ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ነው። ሄጄ ሳየው ግን በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። የሹክሹክታ ድምፅ አለ። በማግስቱም እንዲሁ። የጸሎት ቡድን ነው? ልባሽ ጨርቅ ይሸጣሉ? ወይስ ያኛው፣ ስሙን ስታፍ ክፍል የማንጠራው ዓይነት ስብሰባ ነው? ከሆነ ደግሞ ነገ «ሲስተሙን የያዝከው አንተ፣ እንዴት አላየህም?» የምባለው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን በጓሮ ዞርኩ።

ከአጥሩ ክፍተት አጠገብ፣ ከክፍሉ የጓሮ በር ደፍ ላይ፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «ሳሮ» አልኳቸው፣ በአገሩ ሰላምታ። «ሳሮ» አሉኝና ጥላውን እንደ ጋሻ ወደኔ አዞሩት። ከኋላቸው ሕፃን አለቀሰ።

እዩልኝ! ገንፎው ውስጥ ስንጥር ስፈልግ፣ ገንፎ የሚሠራው ለማን እንደሆነ ረሳሁት።

አማረች ነበረች፣ የሴክሬታሪያል መምህርቷ። ሕፃኑን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ታጠባለች። ሴትዮዋ ከጉኑኖ የመጡት አማቷ ናቸው፤ ልጁን አዝለው በአጥሩ ክፍተት ያስገባሉ።

«በል መዝግበኝ፣ ደህንነቱ» አለችኝ ቀና ሳትል።

አልመዘግብሽም አልኩ። አላመነችኝም። ቤቷ ሩቅ መሆኑን፣ በእረፍት ደርሳ መመለስ እንደማትችል ነገረችኝ። ስታፍ ክፍል ደግሞ ወንድ ብቻ ነው። ባለፈው ግምገማ «ከወለደች ወዲህ ሐሳቧ ቤቷ ነው» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ያሉት ዲኑ ናቸው።

«ኮንትራት ነኝ፣ ታውቃለህ። ሁለተኛ እንዲህ ካሉኝ አያድሱልኝም። ባሌ የሚሠራው ቤሌ ነው፣ የራሱም ሥራ ዛሬ አለ ነገ የለም። ይሄን ክፍል ካጣሁ ወይ ልጁን ወይ ሥራውን ነው።»

አማቷ በወላይትኛ አንድ ነገር አሉ። ምን አሉ አልኳት።

«ሰላይ ከሆነ ለምን ከሳ፣ አይከፍሉትም እንዴ ነው የሚሉት።»

በዚያው ሳምንት አቶ ዳንሳ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ነጩን አዩ። ክፍል ባዶ ተቀምጦ ተማሪ ዛፍ ሥር! ኪራይ ሰብሳቢነት ማለት ይሄ ነው አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ትልቁን ክላስ እዚያ አስገባ፣ በቃ። የነጩ ቦታ ባለቤት እንዳለው ማን ይንገራቸው? ከአፌ የወጣው «እሺ» ብቻ ነው።

ማንን ላማክር? ጋሼ ቶማን ሻይ ቤት አገኘኋቸውና እያንሾካሾክሁ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ፓስቲያቸውን ጎረሱ። የአማረችን ነገርማ ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ አሉኝ። ሁሉን የሚያውቅ ሲስተም የሠራሁት እኔ!

«ያ ነገር የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው ያልከኝ?»

አዎ።

«እውነት ይሁን ውሸት አይጠይቅም?»

አይጠይቅም።

«በል ተነሳ።»

ኮምፒውተሩ ጋ ሄደን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪቦርዱን ነኩት። በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም። ሰባት ቁጥር፣ አራት ሰዓት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ መምህር ቶማ። ሲስተሙ ተማሪ የሌለው ኮርስ አልቀበልም አለ።

«አለ እንጂ» አሉና አንድ ብለው ጻፉ።

የኮርስ ትንሹ የተማሪ ቁጥር ስንት ይሁን የሚለውን ስነድፍ አልወሰንኩም ነበር። ነጩ አረንጓዴ ሆነ። አቶ ዳንሳም ክፍሉ መያዙን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ትልቁን ክላስ ማስገባቱን ተዉት።

ግን ለምን? ያን ያህል የፈሩት ሰውዬ ምን ነክቷቸው ስማቸውን አስገቡ? እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። የማውቀው፣ ከዚያ ወዲያ የአራት ሰዓት ሻይና ፓስቲያቸውን ማጣታቸውን ነው። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ጠመኔ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ዲኑ ብቅ ሲሉ «ዴቢት በግራ! ክሬዲት በቀኝ!» እያሉ ወደ ውስጥ ይጮሃሉ። ሕፃኑ ድምፃቸውን ከመልመዱ የተነሳ፣ ካልጮሁ አይጠባም አለችኝ አማረች።

አሁን የመጣውን ስሙ። የሴሚስተሩ ሪፖርት ከሲስተሙ ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት የተመደበው ቀርቷል። ዓርብ ያለው አውቶቡስ ላይ ነው። ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ ያለው ሁሉ ዝግጁ አልነበረም። አንድም ቀን ያልተጓደለ፣ ከማንም ጋር ያልተጋጨ፣ ተማሪ ያልከሰሰው ኮርስ ብቸኛው የሰባት ቁጥር ነው። አቶ ዳንሳ ግምገማ ላይ ተነስተው ይሄ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ሊሰፋ ይገባል አሉ። ጋሼ ቶማ አንገታቸውን ደፉ። ትሕትና ነው ተባለ።

ምርጥ ተሞክሮ ደግሞ ጎብኚ አያጣም።

እንግዶቹ ከዞን የመጡ ዕለት ዝናብ ነው። መብራት የለም። ኮርሱን ከስክሪኑ እንዳላጠፋው ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ሮጬ እነ አማረችን እንዳላስጠነቅቅ ዲኑ ክንዴን ይዘውኛል፦ ሲስተሙን የነደፈው ወጣት ይሄ ነው ይላሉ። ኮሪደሩን ጨረስነው። ጋሼ ቶማ በሩ ላይ የሉም። ዝናቡ አስገብቷቸዋል። አቶ ዳንሳ እጀታውን ተጫኑ፤ አልተቀረቀረም፣ በሩን ገርበብ አደረጉት።

በትከሻቸው በላይ አጮልቄ አየሁ። አማረች ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋ ውስጥ ትንሽ እግር ትወራጫለች። አማቷ አግዳሚው ላይ ናቸው፣ ጥላቸው ይንጠባጠባል። ጋሼ ቶማ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ይጽፋሉ። አልዞሩም። ጠመኔው ብቻ ቆመ።

አማትየው ዲኑን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

አቶ ዳንሳ አማረችን አዩ። የጋሼ ቶማን ጀርባ አዩ። ከዚያ ዞረው እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ እንግዳ፣ አንገቱን እያሰገገ።

«ፈተና ላይ ናቸው» አሉ አቶ ዳንሳ፣ እና በሩን ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት።