አቶ አምኃና ቀስ ብላ የምትሄደው ሞተር

በየሰፈሩ ሁሉን የሚጠረጥር አንድ ሰው አይጠፋም። የቂርቆስ ሰፈሩ ክቡር አቶ አምኃ ነበሩ። ዝናብ በወሩ ቢጥል ይጠረጥራሉ፤ ቢዘገይ ደግሞ የባሰ። ቄሱ ቅዳሴ ቢያሳጥሩ፣ ጎረቤት አጥሩን ቢያድስ፣ ሰው ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ቢላቸው «ነገር አለው!» ነው መልሳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ወጡ እንደጣፈጣቸው የሚያውቁት «ዛሬ ምን ፈልገሽ ነው?» ሲሏቸው ነው።

እርግጥ ዘመኑም ያግዛቸው ነበር። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ትናንት አብሮህ የሳቀ ሰው ዛሬ ስምህን አሳልፎ ሰጥቶ ይሆናል። ሌላው ሰው ግን ጥርጣሬውን በሆዱ ሲይዝ፣ አቶ አምኃ በርጩማ አውጥተው ደጅ ላይ ይጠረጥራሉ።

በዚያ በጋ የጥርጣሬያቸው ሁሉ ማረፊያ አንዲት ሞተር ብስክሌት ሆነች። ባለቤቷ ተወልደ ሰንጋ ተራ፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ከሚስቱ ከመድኃኒትና ከእናቱ ጋር ከአሰብ መጥቶ ከአቶ አምኃ ቤት ሁለት አጥር አልፎ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ጣሊያኖቹ ምሳ በልተው ሲተኙ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከወዳደቀ ብረት ራሱ የገጣጠማትን ሞተር እየነዳ ይመጣል፤ ሚስቱን ከኋላው ያስቀምጣል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ቀስ ሲባል ደግሞ እንዴት ያለ ቀስ! እንጨት የጫኑ አህዮች ይቀድሟቸው ነበር።

«በዚህ ቃጠሎ ውሻ እንኳ ጥላ ይፈልጋል» አሉ አቶ አምኃ። «ሞተር ያለው ሰው ምን ያዘግመዋል? ቤት እየቆጠረ ነው። ማን የት እንደሚኖር እየያዘ ነው። ጣሊያንኛውንም እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።»

«ሚስቱን እያናፈሰ ቢሆንስ?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

«ሚስቱን? በየቀኑ?»

ወይዘሮ የሻረግ ቀና ብለው አዩዋቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አንድ ቀን አቶ አምኃ ተከተሏቸው። በእግራቸው! ኩታቸውን ተከናንበው፣ ከአንዱ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው እየተሽሎከለኩ፣ በኡራኤል በኩል አድርገው ዛሬ ካዛንቺስ እስከምንለው፣ ያኔ ለጣሊያን ሹማምንት ቤት ይሠራበት እስከነበረው ሜዳ ድረስ። እዚያ ሞተሯ ቆመች። አቶ አምኃ ከድንጋይ ክምር ኋላ ተለጠፉ።

«ጋሼ» አለች መድኃኒት ዞር እንኳ ሳትል፣ «ውሃ እንስጥዎ?»

ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ወጡ። ኮዳውን ተቀብለው ለተወልደ መለሱለት። «መጀመሪያ አንተ ቅመስ።» ቀመሰ። ያን ጊዜ ኮዳውን ከአፋቸው ሳያነሡ ጨረሱት።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«እኔ የበረሃ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ» አለች መድኃኒት። «እንደተጋባን ሰሞን አሰብ ላይ እንዲህ ስንዞር ነበር የምንውለው። የእናንተ አገር ብርድ አጥንቴ ድረስ ገባ። የምትሞቀኝ ይቺ ሰዓት ብቻ ናት።»

«ቤት ደግሞ እናቴ አሉ» አለ ተወልደ አፈር ብሎ። «ያው አንድ ክፍል ነው። ለብቻችን የምንጫወተው ሞተሯ ላይ ነው። ካፈጠንኩ ነፋሱ ቃላችንን ይወስደዋል፤ መንገዱም ቶሎ ያልቅብናል።»

አቶ አምኃ ቤታቸው ገብተው እግራቸውን እየታጠቡ «ውሸት ሲያምር እንዲህ ነው» አሉ።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ያው ሜዳ ላይ ጣሊያንን የሚሰድብ ወረቀት ተበትኖ ተገኘ። ማን እንደበተነው እስከ መጨረሻው አልታወቀም። በማግሥቱ ጧት የጣሊያን ፖሊስ፣ ካራቢኔሪ፣ ከነአስተርጓሚው ቂርቆስ ገባ። ሜዳው ላይ ታይተዋል የተባሉ፣ በሞተር የሚዞሩ ባልና ሚስት ነበር የሚፈልጉት። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይሰቀላል። አስተርጓሚው በቀጥታ ወደ አቶ አምኃ በርጩማ መጣ።

«ሁሉን የሚያዩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ዓይኔ ታሟል» አሉ አቶ አምኃ።

«ባልና ሚስት በሞተር ሲያልፉ አላዩም?»

«ከምሳ በኋላ እተኛለሁ።»

«ድምፁንስ አይሰሙም?»

«ጆሮዬማ ከዓይኔ ይብሳል።»

«ታዲያ እኔን እንዴት ሰሙኝ?»

«እርስዎ ይጮኻሉ።»

ጥፊው ከበርጩማው ላይ ጣላቸው። ሦስት ቀን ታሰሩ። ሦስቱንም ቀን ያንኑ መለሱ፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም። በአራተኛው ቀን አንድ ዓይናቸው አብጦ፣ እያነከሱ ተመለሱ።

ወይዘሮ የሻረግ እብጠቱን በሙቅ ውሃ እያሹ «ወር ሙሉ ሲጠረጥሯቸው ከርመው ለእነሱ ይደበደባሉ?» አሉ።

«እጠረጥራቸዋለሁ! አሁንም እጠረጥራቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ ናቸው። ያ አስተርጓሚ ምን ቤት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስምንት ሰዓት ሲደርስ መንገዱ ጭር አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። አቶ አምኃ መቀመጫ አጡ። በስድስተኛው ቀን ከዘራቸውን ይዘው የእነተወልደን በር አንኳኩ። ተወልደ ለምሳ መጥቶ ነበር፤ ሞተሯ ጓሮ በኬሻ ተሸፍናለች። መድኃኒት በቀን ብርሃን ሁለት ጋቢ ደርባ ጥግ ላይ ተኮራምታለች።

«ለምን ቀራችሁ?»

«በእርስዎ ላይ የደረሰው አይበቃም፣ ጋሼ?» አለ ተወልደ።

«ልጅቱ በርዷት የለም እንዴ! ተነሥ። የላይኛው መንገድ ላይ ኬላ አቁመዋል፤ በቄራ በኩል ዙሩ። በዚያ በኩል በዚህ ሰዓት ማንም የለም፤ ሦስት ቀን አይቼዋለሁ። እኔ መታጠፊያው ላይ እቆማለሁ። ከዘራዬን ሳነሣ እለፉ።»

ተወልደ ሚስቱን አየ። መድኃኒት ጋቢዎቹን አውልቃ አስቀመጠች።

አቶ አምኃ አናት በሚበሳው ፀሐይ ውስጥ መታጠፊያው ላይ ቆመው ግራ ቀኙን ቃኙ፤ ከዘራቸውን አነሡ። ሞተሯ እንደ ልማዷ እያዘገመች በአጠገባቸው አለፈች። «ጋሼ፣ ጥላ ይያዙ፤ ፀሐዩ ይመታዎታል!» አለች መድኃኒት።

ዞር ብለው አላዩዋቸውም። ዓይናቸውን ኬላው ካለበት ከላይኛው መንገድ ላይ አልነቀሉም።