ገበያው ነፃ ወጣ

ትናንት ያየሁት ሕልም የሚጀምረው ከአንድ ወህኒ ቤት ደጃፍ ነው። የመንግሥት ሹማምንት ማመልከቻ ይዘው እናቴ ፊት ተሰልፈዋል። «እመቤቴ፣ ቢሮ ለመክፈት ይፈቀድልን» ይሏታል። እናቴም «ነገ ተመለሱ» ትላለች። ከጎናቸው አህዮች ነጋዴዎችን በሚዛን ይመዝናሉ። ድንገት የዳኛ ካባ የለበሰ አውራ ዶሮ ጉሮሮውን ጠረገና «ገበያው ነፃ ወጥቷል!» ሲል አወጀ። እኔም ስለ ነፃ ገበያ አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩ ነኝና እልል አልኩ።

በሩ ሲከፈት የወጡት ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸው አቶ ገበያው። በአብዮቱ ዘመን «ዋጋ በራስህ ተምነሃል» ተብለው የታሰሩ ናቸው። የእናቴ አዲስ ወፍጮ የሚነሣው እሳቸው በእጃቸው ሲነኩት ብቻ ስለ ነበር፣ ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ ገበያው፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ወፍጮው እየጠበቀዎት ነው።»

«መሄድ ተፈቅዷል?»

«ነፃ ነዎት እኮ!»

«እሱንማ ሰማሁ። ሰልፉ የት ነው?»

«ሰልፍ የለም።»

«ሰልፍ ከሌለ ተራዬ መድረሱን በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡና መንገዱ መሐል አስቀመጡ፤ ድሮ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ስኳር ለመግዛት የሚጠብቀው ሰው ተራውን በድንጋይ ያስይዝ እንደ ነበረው ማለት ነው። ሹማምንቱ ይህን ሲያዩ ማመልከቻቸውን ጥለው ድንጋይ ፍለጋ ተሯሯጡ። የድንጋዮቹ ሰልፍ ከተማዋን ዞረና ተመልሶ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። አቶ ገበያው ፊታቸው በራ።

«እሰይ፣ ተራዬ ደረሰ!»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የወጡበት በር ነው!» ብዬ የኮታቸውን ጫፍ ጨብጬ ጎተትኩ። ኮቱ እጄ ላይ ቀረ፤ እሳቸው ገቡ።

«መክሊቴ፣ ልቀቂኝ እንጂ! ነጠላዬን ልትቀጂው ነው» አለች እናቴ።

ነቃሁ። ለወፍጮ ቤቷ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ከጠዋት ጀምሮ በተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ከመስኮቱ ጀርባ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ደርግን በወሬ ብቻ የምታውቅ ሠራተኛ አዲሱን ኮምፒውተር አጥፍታ ብቅ አለች።

«ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ።»

«ተራችንስ?» አልኳት።

«ድንጋይ አስቀምጡበታ!»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሳቋን ለቀቀችው።

«ነይ ተነሽ፤ ወፍጮ ቤት ሊከፍት የመጣ ሰው ድንጋይ ይቸግረዋል እንዴ?»