ግድያ የማያመልጠው ሰው

ሰው በተገደለበት ሁሉ «እዚያው ነበርኩ» የሚል ሰው ታውቃላችሁ? በጃንሆይ ጊዜ ጋምቤላ ላይ እኛም አንድ ነበረን፤ አቶ አየለ ይባላል። በጥር ወር አንድ የሱቅ ዘበኛ ተገደለና ዓሣ አጥማጁ ኦጁሉ ተያዘ። ከተፈረደበት ስቅላት ነው። ክረምት ላይ ችሎት ሲቆም አቶ አየለ ምሎ መሰከረ።

«ወደቡ ላይ ከመርከቡ ጀርባ ተደብቄ፣ ሲወጋው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ኦጁሉ ረጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መርከብ የሚመጣ ባሮ ሲሞላ ነው። በጥር እኛ በእግር እንሻገራለን። መርከቡም በእግሩ መጣ?» አለው።

ዳኛው እንኳ ሳቁ። ኦጁሉ ተፈታ። አቶ አየለ ያፈረ መሰላችሁ? በማግስቱ ጠጅ ቤት ብገባ፣ «እኔ ባልመሰክር ኖሮ ያ ምስኪን ተሰቅሎ ነበር» እያለ ይጋበዛል።