ዝይ ያልደረሰበት ቄጠማ

የተማረ ሰው ጭቃ አይነካም ያለው ማነው? እኔ ነኝ፤ ደግሞም ተሳስቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሰናይት ባዮሎጂስት ልትሆን ዓይኗ እስኪጠፋ አጥንታ፣ ተመርቃ የገባችው ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ ነው። ቦቲ ጫማዋን እስከ ጭኗ ስባ፣ የተራቆተውን ዳርቻ ሣር ታለብሳለች። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፣ ዓሣው ይራባበታል አለችኝ። እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ ሳልፍ ነውና፣ ሣር ለማብቀል ዲግሪ ምን ያደርጋል ብያት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

የሁለት ዓመት ልፋቷን ዝይ በላው። የዚህ የአሜሪካ ዝይ መንገድ ሲሻገር እኔን ከነታክሲዬ አስቁሞ፣ እንደ ሚኒስትር እየተጎማለለ ነው። በሦስተኛው ዓመት አጠረችውና ሣሩ ወገብ ደረሰ። አለቆቿ መስከረም ላይ አይተው ከወደዱት ሐይቁን ዙሪያውን ይሰጧታል፤ ካልሆነ በሣሩ ፋንታ ድንጋይ ይደረደራል። ይህን ሁሉ በስልኳ ፎቶ እያሳየች ስትነግረኝ፣ እኔ "አዎ፣ አዎ" እያልኩ ኳስ አያለሁ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከኤርፖርት ወደምንኖርበት ሆፕኪንስ ስመለስ ሐይቅ ዳር ምን አየሁ? ቄጠማ! ለምለም፣ ባለቤት የሌለው! አጥሩ ጉልበቴ አይደርስም። ሰሌዳም ነበር፤ ሰሌዳ ግን ለሚያነብ ነው። ታክሲዬን ጢም አድርጌ ሞልቼ ለጎረቤቱ ሁሉ አደልኩ። በሆፕኪንስ ቄጠማ ያልደረሰው ሐበሻ ካለ፣ ቤቱ ያልነበረ ነው።

በማግስቱ ሰናይት የአበሻ ቀሚሷን ለብሳ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች። ከተጎዘጎዘው ቄጠማ አንዱን አንስታ "ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?" አለችኝ። በኩራት ነገርኳት። ብትጮህብኝ ምነኛ ባረፍኩ! ነጭ ቀሚሷን ሳትሰበስብ መሬት ቁጭ አለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ አጨድከው ወይስ ነቀልከው? ለካ ቢታጨድ ተመልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። እኔ ግን ግማሽ ሥራ አልወድም፤ ከነሥሩ ነው አልኳት። እንግዳው እየረገጠው፣ የጠወለገውን አንድ በአንድ ስትለቅም ዋለች።

ሪፖርቷ ላይ ስሜን አላነሳችም። "ያልታወቀ ትልቅ እንስሳ" ብላ ጻፈችልኝ፤ ከዘመድ እንዲህ ያለ ውለታ የት ይገኛል? አለቆቿ ግን፣ አጥሩን ከፍ ብናደርገው እንስሳው ይመለስ ይሆን ወይ ብለው ጠየቋት። እሷም፣ ለፋሲካ መምጣቱ አይቀርም፤ ድንጋዩን ደርድሩት አለቻቸው።