ዘፈኖቹ መዝገብ ቤት ሲገቡ

ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና አልተመዘገበም ማለት ነው። እናንተ ሰፈር ምናልባት በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል፤ የእድሩ ጸሐፊ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ፣ ወይም ዝም ብሎ «ሰውዬው»። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ኮት ደርቦ፣ የትም ሳይሄድ የሚቸኩል ሰው ካያችሁ እሱ ነው። መንግሥት አሰናብቶታል፤ እሱ ግን መንግሥትን አላሰናበተም።

የሲ.ኤም.ሲው ጋሽ ሠረቀብርሃን ይባላሉ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አምፖል ሥር፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፋይል ሲያስገቡና ሲያወጡ ኖረዋል። «በእኔ ጊዜ አንዲት ወረቀት አልጠፋችም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልጠፋችም። የተገኘችም የለችም የሚሉ ምቀኞች ግን አሉ።

ጡረታ በወጡ በወሩ የቤታቸውን ማዕድ ቤት አደራጁ። በርበሬው «ጥብቅ ሚስጥር» የሚል ተለጠፈበት። ጨው «ለሁሉም ክፍሎች» ሆነ። ባለቤታቸው ኮረሪማ ፈልገው አጥተው ከጎረቤት ሲበደሩ፣ ጋሽ ሠረቀብርሃን በር ላይ ቆመው «ደብዳቤ ይዘሽ ነው የሄድሽው?» ብለው ጠየቁ ይባላል። ቀጥሎ የእድሩን ድንኳን ያዙ። ብረቱን ሁሉ ቁጥር ቀቡበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው አራተኛው ብረት ተፈልጎ ሲገኝ ብቻ ሆነ፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሟችም በሥርዓት ይጠብቃል። አንድ ቀን ደግሞ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ አይተው ከፋቸው። ልጅ ያዘለች በዚህ፣ ዕቃ የያዘ በዚያ፣ ባዶ እጁን የሆነ ከኋላ እያሉ ሰልፉን ለሦስት ከፈሉት። ሰልፉ ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ታክሲው ግን ባዶውን ሄዷል።

«እዚሁ የሚባል ቦታ የለም» ይላሉ ሁልጊዜ። ቁልፉ የት ነው ሲባል «እዚሁ» የሚል ሰው ያሳምማቸዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ግቢ፣ ወደ መንገዱ የወጣችዋን አንዲት ክፍል ለሱቅ የተከራየው ቢራቱ ነው። ሲ.ኤም.ሲ የገብስ ማሳ በነበረበት ጊዜ የአባቱ ቤት እዚያው ነበር። አሁን ስፒከርና ሚክሰር ያከራያል፣ ሰርግ ላይ ዘፈን ያጫውታል። አርባ ዓመቱን አልፏል፣ ዝምተኛ ነው። ሰው ሲበዛ ድምፁ ይጠፋል። ስፒከር የገዛውም ለዚህ ይመስላል።

ከፊደል ጋር ገና በልጅነቱ ነው የተለያዩት፤ ሦስተኛ ክፍልን አልጨረሰም። አንድ በአንድ ከመጡ ያውቃቸዋል። ተሰልፈው ሲመጡ ግን ይደናገጣል፣ ሰው ካጠገቡ ከቆመማ ጭራሽ። ወረቀት ሲሰጡት «ቤት አየዋለሁ» ብሎ ያጥፈዋል፤ ቤት የምታይለት ሚስቱ ሎሚ ናት። ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፣ እንዲያውቅም አይፈልግም።

ታዲያ እንዴት ዲጄ ሆነ ትሉ ይሆናል። የዲጄው ፕሮግራም ከየዘፈኑ ጎን አንዲት ትንሽ ስዕል ያወጣል፣ የካሴቱን ሽፋን። ቢራቱ የሚያውቃቸው በዚህ ነው። ቢጫ ሸሚዙ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ይነሳሉ። ፈረስ ላይ የተቀመጠው ሲመጣ የሙሽራው ወገን አቧራ ያስነሳል። ጀርባዋን የሰጠችው ለኬክ ነች። ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ጣቱ ላይ ታች ይላል፣ ዓይኑ ስዕሉን ሲያይ ይቆማል። በዚህ አሠራር ስንቱን ድሯል።

የገና ጾም ገባ። በጾም ሰርግ የለም፣ ስፒከሮቹም ጨርቅ ተከናንበው ተቀመጡ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ከነኮታቸው ብቅ አሉ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘፈን ነው ጋሼ።»

«ዘፈንነቱንማ አየሁ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ተጥሎ? ስትፈልግ ከየት ታወጣለህ?»

«እዚሁ ነው ጋሼ።»

ይህን ሲል ነው ነገሩ ያለቀው። ጋሽ ሠረቀብርሃን ወንበር ሳቡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ። ቢራቱ እንቢ ማለት ነበረበት። ግን ቢራቱ እንቢ ብሎ አያውቅም፣ ደግሞም የቤቱ ባለቤት ናቸው።

ጾሙ እስኪፈታ በየቀኑ ገቡ፣ በሥራ ሰዓት፣ ምሳ ሲደርስ እየወጡ። መጀመሪያ ዘፈኑን ሁሉ «ገቢ» እና «ወጪ» ብለው ከፈሉት። ገቢ ማለት ሙሽሪት ስትገባ፣ ወጪ ማለት ስትወጣ። ይሄ እንኳ ደህና ነበር። ቀጥለው ግን እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው እያዳመጡ ጉዳዩን መለየት ጀመሩ። ፍቅረኛው የከዳችው «አቤቱታ» ውስጥ ገባ። ተመለሽ የሚላት «ይግባኝ»። ሩቅ አገር ያለችውን የናፈቀ «የዝውውር ጥያቄ»። ዓይኗን፣ ጥርሷንና ወገቧን እየዘረዘረ የሚያደንቅ «የንብረት ቆጠራ» ሆነ። ያለ አንቺ እሞታለሁ ያሉት በሙሉ «ስንብት» ውስጥ ታጎሩ።

ኦሮምኛው ላይ ሲደርሱ ቢራቱን አማከሩ።

«ይሄ ምን እያለ ነው?»

«ፈረሱን እያመሰገነ ነው ጋሼ።»

«ትራንስፖርት» ብለው ጻፉ። «ይሄስ?»

«እሱም ስለ ፍቅር ነው... ግን ወንዝ ሞልቶበት መሻገር አልቻለም።»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ብዙ አሰቡ። «የመንገድ ሥራ» አሉ።

የዘፈኑን ፍጥነት የሚያሳየውን ቁጥር አይተው «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ምቱ ነው ሲላቸው፣ ከፍ ያለውን ሁሉ ለብቻ አውጥተው «ለአረጋውያን የማይፈቀድ» የሚል ፎልደር ከፈቱ። ሁለት ቦታ የተገኘ ዘፈን ሲያጋጥማቸው «ኮፒው ከዋናው ጋር ይመሳከር» ብለው ሁለቱንም ያዳምጣሉ። አንዱ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቢራቱ ያንቀላፉ መስሎት ቀስ ብሎ ድምፁን ቢቀንሰው «ተወው፣ ገና አልተመሳከረም» አሉ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሥራው ተጠናቀቀ። ቢራቱ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረና ደነገጠ። ስዕሎቹ የሉም። ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ ተሰልፏል።

«ጋሼ... ስዕሎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ከጎን የነበሩት።»

«እሱን ነው? ፎቶ ከሆነ ጉርድ መሆን አለበት። አንዱ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። አንዷ ጭራሽ ፊቷ አይታይም። እንዲህ ያለ ነገር ከፋይል ጋር አይያያዝም፣ አነሳሁት።» የቢራቱን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አሁን የፈለግኸውን አንብበህ ማውጣት ነው።»

ቢራቱ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሌላ ምን ይበል።

ቀጣዩ ሰርግ ጥር ውስጥ ነው፣ የሀዊ። ሀዊ የሎሚ የወንድሟ ልጅ ናት፣ ቢራቱ ቤት ያደገች። ሙሽራው የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ድረስ ብዙ ነው፣ ሁሉም የሚያነብ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ አንዲት ዘፈን ማግኘት ሊያቅተው ነው። አጎቷ ማንበብ አይችልም ከተባለ ደግሞ ወሬው ከእሱ አልፎ ከሀዊ ጋር አማቶቿ ቤት ይገባል።

«ንገራቸው» አለችው ሎሚ።

«ምን ብዬ?»

«ስዕሉን ይመልሱልኝ በል።»

«ለምን ሲሉኝስ?»

«እኔ አጠገብህ እንዳልቆም ከሙሽሪት ጋር ነው የምገባው። አክስት ነኝ።»

በማግስቱ ቤታቸው ሄደ። የሚለውን መንገድ ላይ ሲያጠና፣ ሲያጠና ደረሰ። በሩን ጋሽ ሠረቀብርሃን ራሳቸው ከፈቱ።

«ምን ጎደለ?»

«ምንም ጋሼ። ደህና እደሩ ልል ነው» አለ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ስለዚህ ከሎሚ ጋር ቦታ አጠኑ። መግቢያው ዘፈን ከላይ ሲቆጠር አራተኛው ፎልደር ውስጥ፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ነው። ኬኩ ስድስተኛው ውስጥ። ጣቱን ይዛ እንደ ልጅ አስቆጠረችው። የሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሁሉንም በቃሉ ያዘ፣ ትንሽም ቀለል አለው። እሱ ስፒከር ሊጭን ሲወጣ ግን ጋሽ ሠረቀብርሃን ለመጨረሻ ማስተካከያ ገብተው ፎልደሮቹን በሙሉ በፊደል ተራ ደረደሯቸው።

እሑድ ኮተቤ የሰርጉ አዳራሽ ጢም ብሏል። ሀዊ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቬሏን ሎሚ ይዛላታለች። ቢራቱ አራተኛውን ከፈተ፣ መጀመሪያ ያለውን ነካ።

ጥላው የሄደችውን ሴት የሚረግም አንድ ሰውዬ አዳራሹን በለቅሶ ሞላው።

ቢራቱ አቋረጠና ሌላውን ነካ። እሱም ይረግማል። ፎልደሩ በሙሉ አቤቱታ ነው። በድንጋጤ ሌላ ፎልደር ከፈተ፣ እዚያ ደግሞ አንዱ እየተሰናበተ ነው። ሁሉንም አጠፋው። የሀዊ እግር እንደተነሳ ቀረ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዲጄው ሙሽሪትን መልሱ እያለን ነው እንዴ?» አለ ሌላው። ሳቁ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ።

ቢራቱ ጽሑፉን አንድ በአንድ ሊለቅመው ሞከረ። ጣቱ ከፊደሎቹ ሥር ይሄዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ላቡ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ሲል ጋሽ ሠረቀብርሃን አጠገቡ ቆመዋል። ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ሊቆጡ ነበር የተነሱት። ግን የሚያዩት ላፕቶፑን አይደለም፤ ጣቱን ነው፣ ቀጥሎም ከንፈሩን። መዝገብ ቤት ብዙ ዓይነት ሰው ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ጣትና ከንፈር አይተው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ያኔ ሁለቱን ዘፈን ሲያመሳክሩ እንደጨፈኑት።

ከዚያ ማይኩን አነሱ።

«ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ። «ጥፋቱ የመዝገብ ቤቱ ነው።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። የአለቆቻቸው ፋይል ተሰውሮ መሥሪያ ቤቱ ሲታመስ እንኳ ከአፋቸው አልወጣችም፤ ያኔ ጥፋቱ የአለቆቹ ነበር።

ወንበር ሳቡና ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዞሩ። «አለቃ ራሱ ፋይል አያወጣም፣ አሠራሩ አይደለም» አሉ ዝቅ ብለው። «አንተ እዘዝ። ማውጣት የእኔ ሥራ ነው።»

ቢራቱ ጎንበስ አለ። «ያቺ... በክራር የምትጀምረው» አለና ጆሯቸው ሥር አንጎራጎረላቸው።

«ገቢ፣ ቁጥር አንድ» አሉ። ክራሩ ተነሳ፣ ሀዊም ገባች።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው። ቢራቱ አዳራሹን ያያል፣ ጋሽ ሠረቀብርሃን መዝገቡን ያያሉ። ሽማግሌዎቹ መሰልቸት ሲጀምሩ ቢራቱ «ፈረሱ» ይላል። «ትራንስፖርት» ይላሉ፣ ወዲያው ይወጣል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። «ወንዙ ጋሼ» ሲል «የመንገድ ሥራ»። በጾሙ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳምጠው ስለነበር እንጉርጉሮው ሳያልቅ ያውቁታል። አንዴ ቢራቱ «ጋሼ፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ» አለና በራሱ ድምፅ ደነገጠ። እሳቸው ግን «አቤት፣ እሺ» ብለው ፈጠን አሉ።

ኪያ የምትባል የሀዊ ሚዜ ዘፈን ልታስመርጥ መጣች። ክራቫቱን አይታ ወደ ጋሽ ሠረቀብርሃን ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ዲጄው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ መዝገብ ቤት ነኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። በአገጫቸው ወደ ቢራቱ አመለከቱ። «አለቃዬን ጠይቂ።»

ሰኞ ጠዋት ቢራቱ ሱቁን ሲከፍት ጋሽ ሠረቀብርሃን መጡ። እንደ ወትሮው ዘው አላሉም፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ስለ ስዕሎቹ አልተነሳም፣ ስለ ሌላውም ነገር እንደዚያው።

«የፊታችን እሑድ እንጦጦ ማርያም ለመሄድ አስቤ ነበር» አሉ ኮታቸውን እየቆለፉ። «ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ቢራቱ ማንን ነው የሚጠይቁት ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። እሑድ ሌላ ሰርግ አለ፤ የሩቅ ሰው ሰርግ ስለሆነ ሎሚ አጠገቡ መቆም ትችላለች፣ ብዙም አይቸግረውም ነበር። የቆሙበትን ሁኔታ አየ፤ እጃቸው ወደፊት ተጣምሯል፣ እንደ ጸሐፊ።

«አይቻልም ጋሼ» አለ። በሕይወቱ የመጀመሪያው እንቢታ ሳይሆን አይቀርም። «ሥራ አለ።»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የትም ቢሄዱ፣ መቼም ቢመለሱ፣ የት ነበሩ ያላቸው አልነበረም።

«የሥራ ጉዳይ ከሆነማ» አሉና ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ አማረሩ፤ ጥበቃውን፣ ባለሱቁን፣ ጫማ የሚያስጠርገውን። «ጨካኝ አለቃ ነው የገጠመኝ» ይላሉ። «አንዲት ቀን እንኳ ፈቃድ ከለከለኝ።» እንዲያ እያማረረ ፊቱ የበራ ሰው ሰፈሩ አይቶ አያውቅም።