ቡላ ተመረዘ ብዬ የጮኽኩ ዕለት

ይኼን ጉድ ለልጆቼ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ለፎሎወሮቼ ግን ልንገራችሁ፤ ብትስቁብኝም ፊታችሁ አይታየኝም።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ኢንቦክስ ላከችልኝ። "ጋሼ፣ ውሻዬ ይንገዳገዳል፣ ጎረቤቴ መርዞብኝ ይሆን እንዴ?" ትላለች። ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጂው አልኳት። ለጎረቤትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ አልኳት።

"ለምን?" አለችኝ።

ለምን ማለት ጥሩ ነው። በሉ አረፍ በሉና ስሙ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ ማብቂያው ገደማ። ኮልፌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ጋራዥ እሠራለሁ። ወንደላጤ ነኝ። ቡላ የሚባል ውሻ አለኝ። ሆዳም ነው፣ ሌባ ነው፣ ግን ማታ ስገባ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ደግሞ ሚሲዮን ነኝ። ያኔ እኛን ጴንጤዎችን እንዲያ ነበር የሚሉን። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ የሚጠጣውን ሰው ደግሞ ባየሁት ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማስጠላ ልጅ ነበርኩ።

ታዲያ አጥር የምንጋራው ከማን ጋር ነው? ከእማማ ዘነበች ጋር። ጠላ ሻጭ ናቸው!

ያን ጊዜ የባዘነ ውሻ በተመረዘ ሥጋ ይገደል ነበር። ሥጋው መንገድ ላይ ይጣላል፤ የታሰረ ውሻ ይተርፋል፣ የተፈታው ወጥቶ ይቀራል። እኔም ቡላን በቃጫ ገመድ አስሬ አስቀምጠዋለሁ። ይኼ አልበቃኝም፣ ሠፈሩን እየዞርኩ "ውሾቻችሁን እሰሩ" እያልኩ እሰብካለሁ። የሰው ውሻ የሚመክር ሰው የራሱ ውሻ እንደሚያዋርደው ማን ነግሮኝ።

አንድ ቀን ቡላ አምልጦ የእማማ ዘነበችን ጫጩት በላ።

እማማ ካጥሩ በላይ ብቅ አሉና "ይኼን ውሻህን ካልያዝከው እኔ እይዝልሃለሁ" አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ከአንገት በላይ ነበር። በልቤ ‘ጫጩቷስ ለምን አልታሰረችም’ እያልኩ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ጉባኤ እንዳይረፍድብኝ ስሮጥ ለቡላ ቁርሱን ሳልሰጠው ወጣሁ። ስመለስ ገመዱን ቁርስ አድርጎታል። እሱ ራሱ አጥር ሥር ቆሟል። መቆም ከተባለ! የፊት እግሮቹ አንድ ቦታ ሊሄዱ ይፈልጋሉ፣ የኋላዎቹ አልተስማሙም። ለሃጩ ይዝረበረባል። "ቡላ" ስለው አየኝ፣ አላወቀኝም። ከዚያ በጎኑ ዘፍ አለ።

ሰው እንደሞተበት ነው ያለቀስኩት፣ አላፍርበትም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ለማ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ፣ "ወተት አምጡ፣ መርዝ የሚሽረው ወተት ነው" አሉ። አንዷ ለልጇ ያስቀመጠችውን ወተት ይዛ መጣች። ጋሽ ለማ የቡላን መንጋጋ ፈልቅቀው አንቆረቆሩበት። (እናንተ እንዳታደርጉት! ይታነቃል ይላሉ ሐኪሞች። እኛ ያኔ ምን እናውቃለን።)

እኔ ግን ወተቱን ቆሜ አላየሁም። የእማማ ዘነበች ዛቻ ትዝ አለኝ። በቃ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሄድኩ። ጠላ ቤቱ ጢም ብሏል። የተቀመጠው ተቀምጦ፣ የቆመው ቆሞ ይጠጣል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

"እማማ ዘነበች! ለአንዲት ጫጩት ብለው መርዝ አበሉ?"

አስተዋላችሁ? መርዝ አልኩ። ጠላ ቤት በር ላይ ቆሜ።

አንዱ የተጎነጨውን ጠላ መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ተፋው። ሌላው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። አብዛኛው በሩ ላይ እየተጋፋ ወጣ። እማማ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ "ልጄ፣ ምን አድርጌህ ነው?" ሲሉኝ ብቻ ነው የሰማሁት።

መልስ ሳልሰጣቸው አንድ ነገር እግሬን ነካኝ።

ቡላ ነው። ስቅ ይለዋል። በእግሮቼ መሀል አልፎ፣ እኔን ዞር ብሎም ሳያይ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። እማማ ለበጎቻቸው አተላ የሚያጠራቅሙበት በርሜል እዚያ አለ። ክዳኑ መሬት ወድቋል። ቡላ ጭራውን እየቆላ እስከ አንገቱ ገባበት።

ጋሽ ለማ ከኋላው ደርሰው አፉን አሸተቱት። "ይኼ ውሻ ሰክሯል" አሉ።

የቀረነው ሁሉ ሳቅን። አዎ፣ እኔም ጭምር! ውሻዬ ድኗል፣ ለምን አልስቅም? ያልሳቁት እማማ ብቻ ነበሩ።

ለምን እንዳልሳቁ ኋላ ነው የገባኝ። ወሬ እግር አወጣ። ጦር ኃይሎች ሲደርስ ውሻው ከወሬው ወጥቶ በምትኩ ሰው ገብቷል። መርካቶ ሲደርስ ሰውየው ተቀብሯል። የእማማ ዘነበች ቤት ጭር አለ። ጠላ ደግሞ ጠጪ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። ወላጅ የሌላቸውን ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ጠላ ነው። ጋን ሙሉ ጠላ ሲደፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ድንጋይ ተሸክመህ ደጃቸው ሂድ ተባልኩ። ለትከሻዬ የምትስማማ አንዲት ልከኛ ድንጋይ መርጬ ነበር፤ ጋሽ ለማ አስጥለው ትልቁን ጫኑብኝ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አልኩ ጎንበስ ብዬ።

"አውርደው" አሉኝ። "ድንጋይ ጠላዬን አይጠጣልኝም። ስሜን ሰው ፊት ነው የጣልከው፣ ሰው ፊት አንሳው። ለሚመጣው ሁሉ አንተ ትቀምስልኛለህ።"

ታውቃላችሁ፣ ድሮ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ መርዝ የለበትም ለማለት።

"እማማ፣ እኔኮ አልጠጣም፣ ሚሲዮን ነኝ" አልኩ።

"ውሻህስ ምንድነው?" አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ድንገት መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከጉባኤ ወጥቼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ እንደያዝኩ፣ ጠላ ቤት በር ላይ እቀመጣለሁ። ቡላ አጠገቤ ታስሯል፣ አጥግቤ አብልቼዋለሁ። ሰው ሲመጣ እማማ መዳፌ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ እቀምሳለሁ። ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ካልሞትኩ ይጠጣል።

ጠብታ ነው ትሉ ይሆናል። ጠብታ ሲጠራቀም ምን እንደሚሆን አጥሩን ተደግፌ ወደ ቤቴ ስገባ ነው ያወቅኩት።

አንድ እሑድ የጉባኤያችን ሽማግሌ በዚያ አለፉ። መዳፌ አፌ ላይ ነው።

"ወንድም ተስፋዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ውሻዬ ሰክሮ ነው" አልኳቸው።

እኔን አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ "እንጸልይልሃለን" ብለው ሄዱ። ጸለዩልኝም። በስሜ፣ ጉባኤው ፊት፣ ጮክ ብለው።

ጠጪው ቀስ በቀስ ተመለሰ። መጀመሪያ የመጡት ሚሲዮኑ ጠላ ሲቀምስ ሊያዩ ነው። ቲያትር ሆንኩላቸው። ግን አይተው ዝም ብለው አይሄዱም፣ ይጠጣሉ። የማያውቀን መንገደኛ ሲመጣ ነው ጭንቁ።

አንድ ቀን አንድ ወታደር ገባ። ሳይቀመጥ "ይኼ ቤት አይደለም እንዴ ሰው ተመርዞ የሞተበት?" አለ።

እኔ አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እማማ ማንቆርቆሪያቸውን አነሱ። "ውሻው አልሞተም፣ ያውልህ ተኝቷል" አሉት። "የሞተው ባለቤቱ ነው። መዳፍህን ዘርጋ፣ ተስፋዬ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወታደሩ ሳቀ፣ ተቀመጠ፣ ጠጣ፣ ድገሚኝ አለ። እማማም ሳቁ፤ ከዚያች እሑድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጠላው ነው አልኩ።

እስቲ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ፦ በቁሙ ተቀብሮ፣ ለቀባሪዎቹ ደግሞ ጠላ ሲቀምስ የዋለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?